ከጀሊ አፍ ወደ ዳንሰኛ እግር

ባለፈው ሴሚስተር ለሴሚናር ሥራዬ ስለ ምዕራብ አፍሪካ ዳንስ ሳነብ አንድ ነገር አልለቀቀኝም። የማሊን መንግሥት የመሠረተው የሱንዲያታ ኬይታ ታሪክ ገና ከመነሻው የሚያሳየን ጀግና ሳይሆን መራመድ ያቃተው ልጅ ነው።

ይህን ታሪክ በቃላቸው ይዘው የሚያወርሱት ጀሊ የሚባሉት ናቸው፤ ፈረንሳዮች ግሪዮ ይሏቸዋል። እኛ አዝማሪ ትዝ ሊለን ይችላል። ጀሊ ግን ከማሞገስ አልፎ የዘር ሐረግ ይቆጥራል፣ የተጣላ ያስታርቃል፤ ሙያውም በዘር የሚወረስ ነው። ሲናገር የሚሰሙት ሰዎች ታሪኩን ስለሚያውቁት እንደፈለገ ሊያጣምመው አይችልም።

በብዙዎቹ ትረካዎች እናቱ ሶጎሎን በባኦባብ ቅጠል ምክንያት በጣውንቷ ትሰደባለች። ልጁ የእናቱን እንባ ሲያይ የብረት ዘንግ ያስመጣና ተደግፎ ይነሣል፤ ከዚያም ዛፉን ከነሥሩ ነቅሎ ደጇ ላይ ያቆምላታል። ያ ልጅ ነው እንግዲህ በ1235 ገደማ በኪሪና ጦርነት የሶሶውን ንጉሥ ሱማንጉሩን ያሸነፈው። ጀሊው ይህን ሁሉ በቃልና በባላፎን ይነግረናል፤ ዳንሰኛ ግን በገዛ ጉልበቱና በወገቡ መነሣት አለበት።

ታድያ ዳንሱ መድረክ ላይ ሲወጣ ምን ሆነ? የጊኒው ተወላጅ ኬይታ ፎዴባ በ1950ዎቹ መጀመሪያ ፓሪስ ውስጥ የአፍሪካ ባሌት የተባለውን ቡድን ይዞ ተነሣ። ጊኒ በ1958 ነፃ ስትወጣ ቡድኑ የመንግሥት ሆነ፤ እሱም ሚኒስትር ሆነ። የሚገርመው፣ ያው መንግሥት በደን አካባቢ የሚኖሩ ሕዝቦችን ጭምብሎችና ሥርዓቶች እየከለከለ በሌላ በኩል ዳንሳቸውን ለዓለም ያሳይ ነበር። ባለቤቱ ቤቱ እንዳይጨፍር ተከልክሎ፣ ጭፈራው ግን የአገር መታወቂያ ሆነ ማለት ነው። ፎዴባም ራሱ አልተረፈም፤ በ1969 ታስሮ በካምፕ ቦይሮ ሞተ።

ከእሱ በኋላ ሌላ መንገድ የያዘችው ዠርሜን አኮኚ ናት። ከ1977 እስከ 1982 በዳካር የሙድራ አፍሪክን ትምህርት ቤት መራች፤ በ1998 ደግሞ በቱባብ ዲያላው መንደር የአሸዋ ትምህርት ቤት የተባለውን መሠረተች። ከአከርካሪ አጥንት የሚነሣ የራሷን ዘዴ ቀምራ ታስተምራለች። የእሷ ዳንሰኛ የመንደሩን ጭፈራ እንዳለ አይገለብጥም፤ ከውርሱ ተነሥቶ የዛሬ ሰው ሆኖ ይናገራል።

ይህ ጉዳይ ሩቅ አገር ያለ ብቻ አይደለም። እዚህም በሐይፋ ዩኒቨርሲቲ በ1995 እስክስታ የመድረክ ዳንስ ሆኖ ነበር። ለእኔ ጥያቄው ባህል ተለወጠ አልተለወጠም አይደለም፤ ጀሊውም ቢሆን ሲናገር ይለውጣል'ኮ። ጥያቄው አዳራሹ ውስጥ «እንዲህ አይደለም» ሊል የሚችል ሰው ተቀምጧል ወይ ነው።

አንድ ቀን የእስክስታ ትርዒት በስልኬ ለእናቴ አሳየኋት። ዝም ብላ እስከ መጨረሻው አየችና «ጎበዞች ናቸው፤ ማን አስተማራቸው?» አለችኝ። ብዙ መጽሐፍ አገላብጬ የደረስኩበት ጥያቄም ይኸው ነበር።