ጂን ካራቴውን ቀየረ፤ የእኛ ንጉሥስ?

ፕሌይስቴሽን ቤት ገብቶ የማያውቅ የአዲስ አበባ ልጅ ካለ እጁን ያውጣ። የለም? ጥሩ። እንግዲያው ጂን ካዛማን ማስተዋወቅ አይጠበቅብንም። ወላጆችም ሊያነቡን ይችላሉ ብለን ግን በአጭሩ እንናገር። ጂን ቴከን የሚባለው የድብድብ ጌም ጀግና ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 በቴከን 3 ብቅ ሲል ከእናቱም ከአባቱም ወገን የወረሰውን ስልት ቀላቅሎ የሚማታ ልጅ ነበር። በ2001 ቴከን 4 መጣ። ያው ጂን፣ ያው ፊት፣ እጁ ግን የሌላ ሰው! የአባቱን ዘር ስለጠላ የዘሩንም ስልት ጥሎ ሌላ ካራቴ ተምሮ ነው የመጣው። ጣቱ ቴከን 3ን የለመደ ሰው ያንኑ ቁልፍ ቢጫን የድሮው ምት የለም። በቴከን 6 ጭራሽ የዓለም ጦርነት ለኳሽ ሆነ። በ2024 በወጣው ቴከን 8 ደግሞ ያጠፋውን ሊክስ የተነሣ ጀግና ሆኖ ተመለሰ።

በዚህ የሚከፋ ካለ መብቱ ነው፤ መክሰስ ግን አይችልም። ጂንን ናምኮ ፈጠረው፣ ናምኮ ቀየረው። የጂን የልጅ ልጅ ነኝ ብሎ የሚቆጣ ሰው የለም።

ካራክተሩ በእውነት የኖረ ሰው ሲሆንስ? የእኛ ንጉሥ ሲሆንስ?

ቀልድ እንዳይመስላችሁ። ሲቪላይዜሽን የሚባል ስመ ጥር የኮምፒውተር ጌም አለ። ተጫዋቹ አንድ አገር ይመርጥና ከመጀመሪያዋ ከተማ አንሥቶ እስከ መንኩራኩር ዘመን ያደርሳታል። የአገሩ ፊት መሪው ነው። መሪው ልዩ ችሎታ አለው፤ አገሩም ልዩ ሠራዊትና ልዩ ሕንጻ አለው። በእኛ ቋንቋ፣ መሪው ካራክተሩ፣ ችሎታው ኮምቦው መሆኑ ነው። ኢትዮጵያ በዚህ ጌም በሦስት ተከታታይ ክፍሎች በሦስት የተለያዩ ንጉሦች ቀርባለች። እስቲ ዙር በዙር እንያቸው። (የጌሞቹን ዓመት በፈረንጅ፣ የነገሥታቱን በእኛው አቆጣጠር እንጽፋለን።)

ዙር አንድ፦ ዘርዓ ያዕቆብ

በ2007 የአራተኛው ክፍል ማስፋፊያ ሲወጣ ኢትዮጵያን እንዲመሩ የተመረጡት ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ናቸው። (የሐተታው ፈላስፋ አይደለም፤ እሱ ከሳቸው ወዲህ በሁለት መቶ ዓመት ገደማ ይመጣል።) ንጉሡ ከ1426 እስከ 1460 ዓ.ም. ገዙ። ደብረ ብርሃንን ቆረቆሩ፣ የአዳሉን ሱልጣን በድላይን ድል አደረጉ። በሃይማኖት ጉዳይም አይቀልዱም። በጣዖት አምልኮ የተከሰሱ የገዛ ልጆቻቸውን እንኳ አልማሩም።

ጌሙ ምን ሰጣቸው? ሁለት ጠባይ፦ የፈጠራ ሰውና አደራጅ። አደራጅነቱ አይከፋም፤ አውራጃዎችን ለሴቶች ልጆቻቸው ጭምር ሰጥተው ያስተዳደሩ ናቸው። የሚገርመው ሌላ ነው። በዚያው ጌም ውስጥ «መንፈሳዊ» የሚባል ጠባይ ነበረ። ዕድሜ ልካቸውን በሃይማኖት ጉዳይ ሲሟገቱ፣ ሲጽፉና ሲያስጽፉ የኖሩት ንጉሥ ግን አልደረሳቸውም!

ልዩ ሠራዊታቸው ጠመንጃ የያዘ የኦሮሞ ተዋጊ ነው። የኦሮሞ ታላቅ መስፋፋት የተጀመረው ግን ንጉሡ ካለፉ በኋላ በሚቀጥለው መቶ ዓመት ነው፤ ጠመንጃውም እንደዚያው። ልዩ ሕንጻቸው የአክሱም ሐውልት ነው፤ እሱ ደግሞ በሺህ ዓመት ይቀድማቸዋል። እዚህ ላይ እንኳ አንድ ማስታረቂያ አለ፤ ዘርዓ ያዕቆብ ዘውዳቸውን ለመጫን አክሱም ድረስ ሄደዋል። ይሁንና የሦስት ዘመን ዕቃ በአንድ ጆንያ መታሰሩ አልቀረም።

ዙር ሁለት፦ ኃይለ ሥላሴ

በ2012 በአምስተኛው ክፍል ማስፋፊያ ዘርዓ ያዕቆብ ወርደው ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ወጡ። አማርኛም ይናገራሉ። ፈረንጅ አገር በሠራው ጌም ንጉሠ ነገሥቱ በአማርኛ ሲያናግሩህ ደስ አይልም ብንል ውሸት ነው።

ችሎታቸው «የዓድዋ መንፈስ» ይባላል። ከሳቸው የበለጠ ብዙ ከተማ ካለው አገር ጋር ሲዋጉ ሠራዊታቸው 20 በመቶ ይበረታል። ትንሹ ትልቁን ጣለ ለማለት ነው፤ ሐሳቡ ግሩም ነው። ግን እናስላ። ተፈሪ መኮንን የተወለዱት ሐምሌ 16 ቀን 1884 ዓ.ም. ነው። ዓድዋ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ነው። ሦስት ዓመት ተኩል! የዘመቱት አባታቸው ራስ መኮንን ናቸው። ልጅዬው አድገው፣ ነግሠው፣ ራሳቸው የመሩት ጦርነት በ1928 ዓ.ም. ማይጨው ላይ ያበቃው በሽንፈት ነው። ጌሙ የምኒልክን ድል አንሥቶ ለኃይለ ሥላሴ አሸከማቸው። ምክንያቱ ግልጽ ይመስለናል፤ ውጭ አገር በይበልጥ የሚታወቀው ፊት የሳቸው ነው፣ በይበልጥ የሚታወቀው ድል ደግሞ ዓድዋ። ሁለቱን ገጣጠሙት።

የአክሱም ሐውልቱንም ልብ በሉት። በአራተኛው ክፍል ባህል ያመርት ነበር። የአምስተኛው ማስፋፊያ እምነትን እንደ ወርቅ የሚጠራቀም ሀብት አድርጎ ስላመጣ፣ ያው ድንጋይ እምነት ማምረት ጀመረ። ሐውልቱ ካለበት ንቅንቅ አላለም፤ የተቀየረው የጌሙ ሕግ ነው። አንድ ነገር ግን አምሮላቸዋል፦ ልዩ ሠራዊቱ መሐል ሰፋሪ ነው፣ ለዋና ከተማው በቀረበ ቁጥርም ይበረታል። ስሙን የተረዳ ሰው ሠርቶታል።

ዙር ሦስት፦ ምኒልክ

በ2020 ለስድስተኛው ክፍል የመጡት ዳግማዊ ምኒልክ ናቸው። አሁን ወደ ሰፈራችን ደረስን። እኛ የየካ አባዶ ልጆች ኮረብታ ማለት ምን እንደሆነ አስረጂ አንፈልግምና።

የጌሙ ምኒልክ ኮረብታ ይወዳሉ። ኮረብታ ላይ የተቆረቆረ ከተማቸው ከሚያመርተው እምነት 15 በመቶውን ያህል ሳይንስ፣ ያንኑ ያህልም ባህል ያገኛል። ኮረብታ ላይ የቆመ ወታደራቸው ይበረታል። የኦሮሞ ፈረሰኞቻቸውን ዳገት አያዘገያቸውም። ልዩ ግንባታቸው ከአለት የተፈለፈለ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ በዙሪያው ተራራና ኮረብታ በበዛ ቁጥር እምነት ያፈራል። ሁሉም እርስ በርሱ ተያይዞ ይሠራል። የየካ ተራራ ዋሻ ሚካኤልን የሚያውቅ ሰው ይህን ሲያይ ፈገግ ማለቱ አይቀርም። ፈረሰኞቹም ቢሆኑ ከ2007ቱ ይሻላሉ፤ የኦሮሞ ፈረሰኛ ዓድዋ ላይ በእርግጥ ነበረ።

ታዲያ ችግሩ የቱ ጋ ነው? እውነተኛው ምኒልክ ከኮረብታው የወረዱ ንጉሥ መሆናቸው ላይ! ከ3,000 ሜትር በላይ በሆነው እንጦጦ ከተሙ፤ ብርዱና የማገዶው እጥረት ግን አላስቀምጥ አለ። እቴጌ ጣይቱ ፍልውሃን ወደዱት፤ አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ተቆረቆረች። ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ዘውድ ለመጫን ወደ እንጦጦ ማርያም ተመለሱ እንጂ ከተማውስ ወርዷል። የኮረብታው ችሎታ ስም ደግሞ «የሚኒስትሮች ምክር ቤት» ነው። ሚኒስትሮቹ የተሾሙት በ1900 ዓ.ም.፣ ቤተ መንግሥቱ ከወረደ ከሃያ ዓመት በኋላ ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ግን ያልተነገረው ነው። ምኒልክ በአገራችን ሁለት ፊት አላቸው። ለአንዱ የዓድዋ አባት፣ እምዬ ናቸው። በ1887 ዓ.ም. ለተወጋው ወላይታ፣ ንጉሡ ለተማረከበት ከፋ ደግሞ ሌላ ትዝታ አለ። ጌሙ ክርክሩን በኮረብታ ሸፈነው።

የሚቀጥለውስ?

በ2025 የወጣው ሰባተኛው ክፍል መሪንና አገርን ለያየ። ሲወጣ አክሱም አለች፤ ኢትዮጵያዊ መሪ ግን የለም። ቤንጃሚን ፍራንክሊን አክሱምን ሊገዛ ይችላል! ጂን እንኳ ይህን ያህል አልተቀየረም።

አሁን «ፈረንጆች ታሪካችንን አበላሹት» ብለን ብንጮህ ደስ ይለን ነበር። ነገር ግን የቤታችንን ጉድ እናውቃለን። የምኒልክን ሐውልት ጣሊያን ነቀለው፣ ከነፃነት በኋላ ተመልሶ ቆመ። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ንጉሡ ሲወርዱ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተባለ። መንግሥት በተቀየረ ቁጥር የትምህርት ቤት መጽሐፋችን አዲስ ክፍል ሆኖ ይወጣል፤ የትናንቱ ጀግና የዛሬ ክፉ፣ የትናንቱ ክፉ የዛሬ ጀግና። የጌም ሠሪዎቹ ንጉሡን የሚቀይሩት የጌሙ ሕግ ስለተቀየረ ነው። የእኛዎቹም ከዚህ የተለየ ምክንያት የላቸውም፤ ልዩነቱ የኛን ጌም አጥፍቶ ወደ ቤት መሄድ አለመቻሉ ነው።

ለዚህ ነው ነገሩን ቀላል ያላደረግነው። ዘርዓ ያዕቆብን መጀመሪያ በጌም የሚያውቅ የሰፈራችን ልጅ አለ፤ ይጫወት፣ ደስ ይበለው። ግን ቴከን 4ን ያየ ልጅ «ይህ ምት የጂን አልነበረም» ማለት የቻለው ቴከን 3ን ስለሚያውቅ ነው። ንጉሡ ሲቀየር «ይህ የሳቸው አልነበረም» ለማለትም የቀደመውን ማወቅ ይጠይቃል። የቀደመው ደግሞ ዲስክ ላይ የለም። ዜና መዋዕሉ ቤተ መጻሕፍት አለ፤ የወላይታና የከፋ ሽማግሌም የሚነግረው አለ፤ እንጦጦም ቢሆን ታክሲ ይደርሳል።

እስከዚያው በርቱና ተጫወቱ። ተራ ግን ጠብቁ፤ ጆይስቲኩ የጋራ ነው!