የወፍጮ ሞተር ብሬከር ደጋግሞ ሲወርድ መንስኤው እንዴት ይለያል?

በቆሎውን ወይም ገብሱን በአህያ ጭኖ ከገጠር ቀበሌ ወደ እንጅባራ ወይም ወደ ዳንግላ ወፍጮ ቤት ለሚመጣ ሰው የሞተሩ ድንገት ዝም ማለት ቀላል ነገር አይደለም። ተራ ሲጠብቅ የዋለው እህል ሳይፈጭ ይመለሳል፤ ሊጥም ሳይቦካ ያድራል። የወፍጮ ቤቱ ባለቤት የወረደውን ብሬከር መልሶ ያነሣል፤ ሞተሩ ጥቂት ሠርቶ ዳግም ይጠፋል። በሦስተኛው ጊዜ «ብሬከሩ አነስተኛ ነው፤ በትልቅ ይቀየር» የሚል ምክር አይጠፋም። ሞተር ለመቃጠል፣ ቤትም በእሳት ለመያያዝ በር የሚከፍተው ይህ ምክር ነው።

ብሬከር የሚጠብቀው ምንን ነው?

ብሬከር በዋናነት የሚጠብቀው ገመዱን ነው። ገመዱ ከሚችለው በላይ ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት ይግላል፤ ልባሱም ይቀልጣል። ብሬከሩ ይህ ከመድረሱ በፊት መስመሩን ይቆርጣል። በውስጡ ሁለት ክፍሎች አሉት። አንደኛው ሲሞቅ የሚጎብጥ የብረት ቅጠል ሲሆን፣ ጭነቱ በመጠኑ ሲበዛ ከደቂቃዎች በኋላ ያቋርጣል። ሁለተኛው መግነጢሳዊ ሲሆን፣ እጅግ ከፍተኛ ኤሌክትሪክ ሲያልፍ በቅጽበት ያቋርጣል። በመሆኑም ብሬከሩ የወረደበት ጊዜ ራሱ የመጀመሪያው ምልክት ነው።

ጊዜው ምን ይናገራል?

ሞተሩ ሲነሣ ወዲያውኑ ከወረደ፦ 20 የፈረስ ጉልበት (15 ኪሎዋት ገደማ) ያለው ባለሦስት ፌዝ ሞተር በ380 ቮልት ሙሉ ጭነት ላይ 30 አምፔር ገደማ ይወስዳል። በቀጥታ ሲነሣ ግን ለጥቂት ሰኮንዶች ከዚህ አምስት እስከ ሰባት እጥፍ ይፈልጋል። ድንጋዩ ውስጥ እህል ቀርቶ ከሆነ ወይም ኩሽኔታው ከያዘ ሞተሩ መዞር ስለማይችል ይህ ከፍተኛ መጠን አይወርድም። የብሬከሩ ዓይነትም ይታያል። ለሞተር የሚመረጡት «ሲ» እና «ዲ» የሚባሉት ናቸው። ለመብራትና ለሶኬት የሚሆነው «ቢ» ሞተር ሲነሣ ያለ ምንም ብልሽት ሊወርድ ይችላል።

ከደቂቃዎች ሥራ በኋላ ከወረደ፦ ጭነት መብዛቱን፣ የቮልቴጅ መውረድን ወይም የላላ ማሰሪያን ያመለክታል። ቮልቴጅ ሲቀንስ ሞተሩ ያንኑ ሥራ ለመሥራት ተጨማሪ አምፔር ይወስዳል። ከሦስቱ ፌዞች አንዱ ከጠፋ ደግሞ በሥራ ላይ ያለ ሞተር በቀሩት ሁለት መስመሮች ከወትሮው 1.7 እጥፍ ያህል ይስባል። የቆመ ሞተር ከሆነ እያጉረመረመ መነሣት ያቅተዋል። በዚህ ጊዜ ወዲያውኑ ማጥፋት ያስፈልጋል።

ዝናብ በዘነበ ቁጥር ከወረደ፦ እርጥበት ወደ ሞተሩ የገመድ ማሰሪያ ሣጥን ወይም ወደተላጠ ገመድ ገብቶ ሊሆን ይችላል። የሞተሩ አካል ሲነካ የሚነዝር ከሆነ ሥራው ሙሉ በሙሉ ይቁም፤ ሰውም አይቅረብ።

ከፍታና የዱቄት ብናኝ

መደበኛ የኤሌክትሪክ ሞተር የሚሠራው ከባሕር ወለል በላይ እስከ 1,000 ሜትር ባለ ቦታ እና እስከ 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚደርስ ሙቀት ሙሉ ጉልበቱን እንዲሰጥ ታስቦ ነው። እንጅባራ ከ2,500 ሜትር በላይ፣ ዳንግላም ከ2,100 ሜትር በላይ ላይ ይገኛሉ። በዚህ ከፍታ አየሩ ስለሚሳሳ ሞተሩን የማቀዝቀዝ ኃይሉ ይቀንሳል። ይሁንና የደጋው ብርድ ጉድለቱን በአብዛኛው ያካክሳል። ይህን ጥቅም የሚያሳጣው መስኮት የሌለው የቆርቆሮ ቤት እና በሞተሩ ማራገቢያና ክንፎች ላይ የሚጋገር ዱቄት ነው። ስለሆነም የሞተሩን አካል በየጊዜው በደረቅ ብሩሽ ማጽዳትና አየር የሚገባበት መስኮት መክፈት ያስፈልጋል። የዱቄት ብናኝ በአየር ላይ ሲበዛ በብልጭታ ሊቀጣጠል ስለሚችልም ጽዳቱ ለደኅንነት ጭምር ነው።

ምርመራው በቅደም ተከተል

1. ዋናው ማቋረጫ ይጥፋ፤ ሌላ ሰው እንዳያበራውም ይጠበቅ። ሞተሩ እስኪበርድ ይቆይ።

2. ድንጋዩና ሞተሩ በእጅ ይዙሩ። ከባድ ከሆነ ወይም የሚያንቋርር ድምፅ ካለ ችግሩ ኩሽኔታ፣ የተወጠረ ቺንጋ ወይም የተጣበቀ እህል ነው።

3. ቺንጋው ይውለቅና ሞተሩ ብቻውን አንድ ጊዜ ይነሣ። ብሬከሩ ካልወረደ ጥፋቱን በወፍጮው በኩል መፈለግ ይገባል። እህሉ በደንብ አልደረቀ ይሆናል፤ በአንድ ጊዜ የሚፈሰው በዝቶ ይሆናል፤ ድንጋዮቹ ከመጠን በላይ ተጠጋግተው ወይም ሳይወቀሩ ቆይተው ይሆናል። ያለ ጭነትም ከወረደ ጥፋቱ ሞተሩ ወይም የኤሌክትሪክ መስመሩ ላይ ነው።

4. ከዚህ በኋላ ያለው የባለሙያ ሥራ ነው። ባለሙያው በሦስቱም ፌዞች መካከል ያለውን ቮልቴጅ ሞተሩ በሥራ ላይ እያለ ይለካል፤ የእያንዳንዱን ፌዝ አምፔርም ሞተሩ ላይ ከተለጠፈው ሰሌዳ ጋር ያነጻጽራል። የላሉ ማሰሪያዎችን ያጠብቃል፤ የጠቆረ ወይም የቀለጠ ጫፍ ይቀይራል። የጥቅልሉን ልባስ በሜገር ሲለካ ውጤቱ ከ1 ሜጋኦም በታች ከሆነ ሞተሩ ሳይደርቅ ወይም ሳይጠገን አይነሣም።

5. ይህ ሁሉ ደህና ሆኖ ከተገኘ ብሬከሩ ራሱ ይመረመራል። ያረጀ ብሬከር ከተጻፈበት ባነሰ አምፔር ሊወርድ ይችላል። የሚተካው ግን በዚያው አምፔርና ዓይነት ነው።

በከተማ ቤቶችም

ሕጉ በመኖሪያ ቤትም ያው ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ በተለምዶ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ስለሚወስድ በ220 ቮልት ብቻውን ከ14 እስከ 18 አምፔር ይደርሳል። ከውኃ ማሞቂያ ጋር በአንድ መስመር ሲሠራ ብሬከሩ መውረዱ አያስገርምም። ማቀዝቀዣ ያላቸው ሥጋ ቤቶችና መጠጥ ቤቶች ደግሞ መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ቢያንስ አምስት ደቂቃ ጠብቀው ቢያበሩ ይመከራል። ወዲያው ከበራ በውስጡ ያለው የጋዝ ግፊት ገና ስላልተስተካከለ ኮምፕረሰሩ መዞር ያቅተዋል፤ ብሬከሩም ይወርዳል። የአየር ማቀዝቀዣም ጠባዩ ተመሳሳይ ነው።

ፈጽሞ የማይደረግ

ገመዱ ሳይቀየር ብሬከሩን በትልቅ መተካት፣ በቫልቮላ ፋንታ የመዳብ ሽቦ መጠቅለል፣ የወረደን ብሬከር ደጋግሞ ማንሣት እና ማንሻውን በእንጨት ወይም በገመድ አስሮ መያዝ የተከለከሉ ናቸው። የመሬት ሽቦ የሌለው ሞተርም ሥራ ላይ መዋል የለበትም። ቮልቴጁ ከቆጣሪው በፊት የወረደ ወይም አንድ ፌዝ ከውጭ የጠፋ ከሆነ የቆጣሪውን ማኅተም መንካት አይገባም፤ ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ቅርብ ማዕከል ወይም በ905 የጥሪ ማዕከል ማስታወቅ ያስፈልጋል።

ብሬከሩ በወረደ ቁጥር ሰዓቱን፣ ይፈጭ የነበረውን እህል፣ ሞተሩ ከተነሣ ስንት ደቂቃ እንደሆነውና ዝናብ መኖር አለመኖሩን በደብተር መመዝገብ ጠቃሚ ነው። ለጥገና የሚመጣው ባለሙያ ከዚህ መዝገብ ተነሥቶ ሥራውን ይጀምራል፤ የወፍጮ ቤቱ ደንበኞችም ቶሎ ተራቸውን ያገኛሉ።