በኤሌክትሮኒክስ ሲጋራ ሳቢያ የሚደርስ የሳንባ ጉዳት

ከኤሌክትሮኒክስ ሲጋራ ጋር የተያያዘው ከባድ የሳንባ ጉዳት ራሱን የቻለ ሕመም ሆኖ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2019 አጋማሽ፣ በዩናይትድ ስቴትስ ዊስኮንሲንና ኢሊኖይ ግዛቶች ጤነኛ የነበሩ ወጣቶች በተከታታይ ሆስፒታል መግባታቸውን ተከትሎ ነው። ሕመሙ ከእንግሊዝኛ ስያሜው የመጀመሪያ ፊደላት በመነሳት «ኢቫሊ» ይባላል።

የኤሌክትሮኒክስ ሲጋራ ትምባሆ አያቃጥልም። በባትሪ የሚግል ሽቦ በውስጡ ያለውን ፈሳሽ ወደ ጭስ መሰል ጥቃቅን ጠብታዎች ይለውጣል፤ ተጠቃሚውም ወደ ሳንባው ይስበዋል። ፈሳሹ ብዙውን ጊዜ ኒኮቲንና ማጣፈጫ የያዘ ቢሆንም፣ ቲኤችሲ የተሰኘውን የካናቢስ አደንዛዥ ንጥረ ነገር የያዘ ዘይትም በዚሁ መሣሪያ ይሳባል። የጉዳዩ ቁልፍ ይኸው ልዩነት ነው።

ከሁለቱ ግዛቶች በተገኙ 53 ታማሚዎች ላይ የተካሄደው የመጀመሪያው ጥናት እንዳመለከተው፣ የታማሚዎቹ መካከለኛ ዕድሜ 19 ዓመት ነበር። ሳል፣ የትንፋሽ ማጠርና የደረት ሕመም፣ እንዲሁም ትኩሳት፣ ማስመለስና ተቅማጥ ታይቶባቸዋል። ከመካከላቸው 32 በመቶ ያህሉ በመተንፈሻ መሣሪያ መረዳት አስፈልጓቸዋል።

ሕመሙን ለይቶ የሚያሳይ የላቦራቶሪ ምርመራ የለም። ሐኪሞች ታማሚው ባለፉት 90 ቀናት መሣሪያውን መጠቀሙን ይጠይቃሉ፤ ሳንባውን በራጅ ወይም በሲቲ ስካን ያያሉ፤ እንደ ሳንባ ምች ያሉ ሌሎች መንስኤዎች አለመኖራቸውንም ያረጋግጣሉ። ታማሚው ሳይጠየቅ ከታለፈ ወይም ከደበቀ ሕመሙ በቀላሉ ሌላ ስም ይሰጠዋል። ብዙዎቹ ታማሚዎች ስቴሮይድ መድኃኒት ተሰጥቷቸዋል።

የአገሪቱ የበሽታዎች መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል ከ16 ግዛቶች የተገኙ 51 ታማሚዎችን የሳንባ ፈሳሽ አስመርምሮ በ48ቱ ላይ ቫይታሚን ኢ አሲቴት አግኝቷል። ለንጽጽር በተመረመሩ 99 ጤነኛ ሰዎች ላይ ግን አልተገኘም። ይህ ቅባታማ ውህድ ሲዋጥም ሆነ ቆዳ ሲቀባ ብዙውን ጊዜ ጉዳት አያስከትልም። ሕገወጥ ነጋዴዎች የቲኤችሲውን ዘይት ለማብዛትና ለማወፈር ይጨምሩት ነበር።

እስከ የካቲት 18 ቀን 2020 እ.ኤ.አ. ድረስ 2 ሺህ 807 ሰዎች ለሆስፒታል ወይም ለሞት መዳረጋቸው የተመዘገበ ሲሆን፣ ከእነዚህ የ68ቱ ሞት ተረጋግጧል። መረጃ ከተገኘላቸው ታማሚዎች 82 በመቶው ቲኤችሲ ያለበትን ምርት ተጠቅመዋል። ከእነዚህም ምንጩን ከገለጹት 78 በመቶው ምርቱን ያገኙት ከጓደኛ፣ ከኢንተርኔት ወይም ከመንገድ ሻጭ ብቻ ነው። ኒኮቲን ብቻ መጠቀማቸውን የገለጹት 14 በመቶ በመሆናቸው፣ ማዕከሉ የሌሎች ኬሚካሎችን ድርሻ ማስቀረት እንደማይቻል አስታውቋል።

የማሳቹሴትስ ግዛት በመስከረም 2019 እ.ኤ.አ. የማናቸውንም የኤሌክትሮኒክስ ሲጋራ ምርቶች ሽያጭ ለአራት ወራት ማገዱ ይታወሳል። እገዳው ሕጋዊ መደብሮችን ቢዘጋም፣ ዋነኛው የአደጋው ምንጭ ግን በመደብሮቹ በኩል አያልፍም ነበር።

በኢትዮጵያ ክስተቱ ከመታወቁ ወራት አስቀድሞ የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የኤሌክትሮኒክስ ሲጋራን ማስመጣትና መሸጥ ይከለክላል። በመሆኑም በአገር ውስጥ እጅ በእጅ የሚሸጥ ማንኛውም የኤሌክትሮኒክስ ሲጋራ ፈሳሽ ይዘቱን ማንም ሳይመረምረው ለገበያ የቀረበ ነው።