ከጠመንጃ ወደ ካሜራ፦ የማለዳ ወፍ ተመልካቾች አጭር ታሪክ

በአራት ኪሎ ግቢ የተማረ ሰው ጎህ ሲቀድ ዛፍ ለዛፍ እየተጯጯኹ የሚያልፉትን ትልልቅ ወፎች አይረሳቸውም። አንገታቸው ሥር ቁራጭ ሥጋ የተንጠለጠለባቸው እነዚህ አይቢሶች ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋ በቀር የትም የሉም። ማጅራቱ ነጭ የሆነው ባለወፍራም ምንቃር ቁራም እንደዚሁ የእኛው ነው። ለሁለቱም ሳይንሳዊ ስም የሰጣቸው ግን የፍራንክፈርቱ ኤድዋርድ ሩፔል ነው፤ ቁራውን በ1836፣ አይቢሱን በ1837 (ዘመኖቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)።

የዚያን ጊዜ ወፍ ማጥናት ማለት ወፉን መግደል ማለት ነበር። ተኩሶ መጣል፣ ቆዳውን ገፎ ማድረቅ፣ በሣጥን አሽጎ ወደ አውሮፓ መላክ። በዘመኑ የዛሬው ባይኖኩላር የለ፣ ካሜራ የለ፤ ሌላ ምን ያድርግ? ስለዚህ የአገራችን ወፎች የመጀመሪያ መዝገብ ያለው እዚህ ሳይሆን ባሕር ማዶ ባሉ ሙዚየሞች መሳቢያ ውስጥ ነው።

ነገሩ የተለወጠው በ1960ዎቹ ነው። በ1966 የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ተመሠረተ። በዩኒቨርሲቲያችን የባዮሎጂ መምህር የነበሩት ኤሚል ኧርባን ከሌስሊ ብራውን ጋር ሆነው የኢትዮጵያን ወፎች ዝርዝር በ1971 አሳተሙ፤ አሳታሚውም የራሳችን ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት ነበር። እኔ የእርሳቸው ተማሪ አልነበርኩም፤ ከእኔ በፊት ነው። ያቺን ዝርዝር ግን እኔም የክፍል ጓደኞቼም ገጾቿ እስኪላላጡ ድረስ ተሸክመናታል።

ሁለቱ ሰዎች በሻላ ሐይቅ ደሴት ላይ የሚራቡትን ነጭ ፔሊካኖች ማጥናታቸውም ይታወሳል። ጥናታቸው በ1969 ወጣ። የሚገርመው፣ ፔሊካኖቹ ይኖሩ የነበሩት ሻላ፣ ምግባቸው የነበረው ደግሞ አብያታ መሆኑ ነው። ከባድ ወፍ ስለሆነ ክንፉን እያራገበ ብቻ አይሄድም፤ ፀሐይ መሬቱን አሙቃ አየሩ ሽቅብ እስኪነሳ ይጠብቃል፣ ከዚያ ተሽከርክሮ ይወጣል፤ ያኔም ወደ አብያታ ይንሳፈፍ ነበር። ስለዚህ ሌላውን ወፍ ለማየት ከንጋቱ 12 ሰዓት የሚነሳ ሰው፣ ፔሊካን ለማየት ግን ቁርሱን ተረጋግቶ ይበላል።

የእኛ ዘመን ጉዞ ቀለል ያለ ነበር። ቅዳሜ ማለዳ ጋቢ ደርበን ወደ ገፈርሳ እንሄዳለን፤ በውሃው ዳር ሰማያዊ ክንፍ ያለውን ዝይ እንፈልጋለን፣ እርሱም የደጋችን ብቻ ነው። አንድ ጥቅል ፊልም 36 ፎቶ ነው፤ የማለዳ ብርሃን ደግሞ ደካማ። ስለዚህ ዝም ብሎ መተኮስ የለም። ወፉ እስኪቆም፣ ብርሃኑ እስኪጠነክር እንጠብቃለን። ፎቶው ሲታጠብ ቀኑንና ቦታውን ጀርባው ላይ እንጽፋለን። ያኔ ልማድ ብቻ ነበር።

ዛሬ ግን ያ ጽሑፍ ማስረጃ ሆኗል። አብያታ ውሃው ለመስኖና ለሶዳ አሽ ፋብሪካ ሲቀዳበት ኖሮ እጅግ ሸሽቷል፤ ጨዋማነቱ ሲጨምር ዓሣው ጠፋ፣ ፔሊካኖቹም ተመናመኑ። በአዲስ አበባ ዙሪያ ያለው ረግረግ ብዙው ቤትና መንገድ ሆኗል። የድሮው የውሃ ዳርቻ የት እንደነበረ፣ በየትኛው ወር ምን ወፍ ያርፍበት እንደነበረ የሚመሰክረው በየቤታችን ሣጥን ውስጥ ያለው ፎቶና ማስታወሻ ደብተር ነው።

ትንሽ ነገር ነው ብላችሁ አትናቁት። በ1990 ነጭ ሣር ውስጥ ከሞተ ወፍ የተገኘ አንድ ክንፍ ብቻ በ1995 ለአዲስ ዝርያ ስም አሰጥቷል፤ ስሙም «ብቸኛ ክንፍ» ማለት ነው። አንድ ክንፍ ይህን ከሠራ፣ ቀንና ቦታ የተጻፈበት መቶ ፎቶ ምን አይሠራ?

ስለዚህ ወንድሞችና እህቶች፣ ዘንድሮ ስንገናኝ የምረቃውን ፎቶ ብቻ ይዛችሁ አትምጡ። ልጆቻችን ምንነቱን ሳያውቁ ሳይጥሉት የወፉንም አምጡት። መምህራን ሆይ፣ እናንተም ተማሪ መድባችሁ በኮምፒውተር አስገልብጡልን፤ ቀኑ የደበዘዘበት ካለ እኛ በሕይወት እያለን ጠይቁን። የሩፔል ወፎች ፍራንክፈርት ናቸው፤ የእኛዎቹ መዝገብ እንኳ እዚሁ አራት ኪሎ ይቀመጥ።