ለሰባት ዓመት ታስቦ በ19 ወር ያለቀው የባልና ሚስት ጉዞ

የዛሬው ረዘም ይላል፤ ጊዜ ያላችሁ አሁን አንብቡት፣ የሌላችሁ ለማታ አቆዩት።

ሥራቸውን ለቀው፣ ቤታቸውን ሸጠው፣ በራሳቸው የሸራ ጀልባ ከደሴት ደሴት የሚዞሩ ባልና ሚስቶች ቪዲዮ ሰሞኑን በየስልካችን ሞልቷል። ሰማያዊ ባሕር፣ ነጭ አሸዋ፣ ኮኮናት። ከቀድሞ ተማሪዎቼ አንዷ "ቲቸር፣ ይሄ ነገር ከመቼ ጀምሮ ነው?" ብላ ጠየቀችኝ። ማን ቀደመ የሚለው ክርክር ውስጥ አልገባም። ነገር ግን ከመቶ ዓመት በላይ ወደኋላ ሄደን ይህንኑ ሕልም ያለሙ፣ ያደረጉትን ሁሉ ጽፈው ያስቀመጡልን አንድ ባልና ሚስት አሉ፤ ደራሲው ጃክ ለንደንና ሚስቱ ቻርሚያን። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ጃክ በ1876 ሳን ፍራንሲስኮ የተወለደ የድሃ ልጅ ነው። በልጅነቱ ፋብሪካ ውስጥ ለፍቷል፣ በመርከብ ተቀጥሮ ሠርቷል፣ ወርቅ ፍለጋም ወደ ሰሜኑ በረዶ ወርዷል። በ1903 ባሳተመው የውሻ ታሪክ ስሙ ዓለምን አዳረሰ። ቻርሚያን በአራት ዓመት ትበልጠዋለች። ሴት በፈረስ ላይ ወደ ጎን ተቀምጣ በምትጋልብበት ዘመን እሷ እግሯን አንፈራጥጣ ትጋልብ ነበር፤ የራሷን እንጀራ የምትበላ ታይፒስትም ነበረች። በ1905 ተጋቡ። በዚያው ሰሞን ጆሹዋ ስሎከም የሚባል ባሕረኛ ብቻውን በ37 ጫማ ጀልባ ዓለምን የዞረበትን መጽሐፍ አነበቡ። አንድ ሰው ብቻውን ከቻለ እኛ ምን ያቅተናል አሉ። ሰባት ዓመት እንዞራለን ብለው ወሰኑ።

ጀልባዋን ራሳቸው አሠሯት። ስሟ ስናርክ ነው፤ ከአንድ የእንግሊዝኛ የቀልድ ግጥም የተወሰደ። መሥሪያዋ 7,000 ዶላር ይፈጃል ተብሎ ነበር። ሥራው ሊጀመር ሲል በሚያዝያ 1906 ሳን ፍራንሲስኮ በመሬት መንቀጥቀጥና በእሳት ወደመች። እንጨት የለም፣ ብረት የለም፣ ሠራተኛ የለም፤ የሁሉም ዋጋ ሰማይ ነካ። ቤት የሠራችሁ ሰዎች ይሄ ታሪክ አዲስ አይሆንባችሁም። መጨረሻ ላይ ወጪው 30,000 ዶላር ደረሰ። ጃክ ይህን ሁሉ የከፈለው በብዕሩ ነው፤ በቀን አንድ ሺህ ቃል፣ ዝናብ ቢዘንብ ማዕበል ቢነሳ።

በሚያዝያ 1907 ተነሱ። ከእነሱ ሌላ አራት ሰዎች ነበሩ። ካፒቴን የተባለው ሮስኮ የቻርሚያን አክስት ባል ነው። ማርቲን ጆንሰን የሚባል የካንሳስ ልጅ ደግሞ ምግብ ሳይችል በምግብ አብሳይነት ተቀጠረ። ገና ከወደቡ ራቅ ሳይሉ ጀልባዋ ውሃ ታስገባ ጀመር። ሞተሩ ተሰብሮ እንደ ጭነት ታስሮ ተቀመጠ። ከሁሉ የባሰው ደግሞ ካፒቴኑ የት እንዳሉ ማስላት አይችልም! ጃክ መጽሐፍ ገልጦ፣ ፀሐይና ኮከብ እየለካ፣ መሐል ባሕር ላይ ቆሞ ተማረው። በ27 ቀን ሃዋይ ደረሱ። በነገራችን ላይ፣ ሰው በብርድ ሲሞት የሚያሳየውን ዝነኛ የበረዶ አጭር ልቦለዱን የጻፈው በዚያ ሙቀት፣ እዚያው ሃዋይ ሆኖ ነው።

ሃዋይ በዚያን ጊዜ ሀገር መሆኗ ቀርቶ ነበር። ንግሥቷ በ1893 ከዙፋን ወረደች፤ በ1898 አሜሪካ ደሴቶቹን ጠቀለለች። ባልና ሚስቱ ግን ወደ ባሕር ዳርቻው ብቻ አልሄዱም፤ ሞሎካይ ደሴት ላይ ወዳለው የሥጋ ደዌ ሕሙማን መኖሪያም ሄዱ። ከ1866 ጀምሮ በሽታው የተገኘበት ሰው ከቤተሰቡ ተነጥቆ ወደዚያ ይጋዝ ነበር። አሠራሩ እስከ 1969 ቀጥሎ ወደ 8,000 የሚጠጋ ሰው ተልኳል፤ አብዛኛው የሃዋይ ተወላጅ። ሁለቱ እዚያ ሰነበቱ፣ በዓል አብረው አከበሩ። ጃክ ሕሙማኑ እንደማንኛውም ሰው የሚስቁና የሚጫወቱ መሆናቸውን ጻፈ። በዚያ ዘመን ይህን ማለት ቀላል አልነበረም።

ከሃዋይ ቀጥሎ ወደ ማርኬሳስ ደሴቶች ነው። ነፋሱ የማይመች፣ ብዙ ባሕረኛ የማይደፍረው መንገድ ነበር። 60 ቀን ፈጀባቸው። አንድ ሌሊት የውሃ ማጠራቀሚያው ቧንቧ ሳይዘጋ አደረና የሚጠጣው ውሃ ግማሹ ፈሰሰ። ለስንት ቀን በልክ እየጠጡ፣ ሰማይ ሰማይ እያዩ ቆዩ። በመጨረሻ ዝናብ ጣለ፤ በሸራ አጠራቅመው ተረፉ። በታኅሣሥ 1907 ኑኩ ሂቫ ደሴት፣ ታዮሃኤ በሚባል ወሽመጥ መልሕቅ ጣሉ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ እኔ የጽሑፉ ልብ የምለው ይህንን ነው።

ጃክ በልጅነቱ በጣም የወደደው አንድ መጽሐፍ ነበር። ኸርማን ሜልቪል በ1842 ከመርከብ ከድቶ በዚችው ደሴት ታይፒ የተባለ ሸለቆ ውስጥ ከሕዝቡ ጋር የኖረበት ታሪክ ነው። ሸለቆው እንደ ገነት፣ ሰዎቹ ጤነኛ፣ ረጃጅምና መልከ መልካም ሆነው ተሥለዋል። ጃክና ቻርሚያን ይህን ገነት ለማየት በፈረስ ተራራውን ተሻግረው ወረዱ። አረንጓዴው አለ። ፏፏቴው አለ። የቤቶቹ የድንጋይ መሠረትም በየቦታው አለ፤ ቤቱ ግን የለም፣ ሰውም የለም። ያገኟቸው ጥቂት ሰዎች ሲሆኑ ብዙዎቹ በሥጋ ደዌ፣ በዝሆኔ ወይም በሳንባ ነቀርሳ የተያዙ ነበሩ።

ምን ሆነው አለቁ? መልሱ የመጣው በመርከብ ነው። ዓሣ ነባሪ አዳኙ፣ ነጋዴው፣ ወታደሩ፣ ሁሉም ሲያልፍ የሆነ ነገር ትቶ አለፈ፦ ቂጥኝ፣ ሳንባ ነቀርሳ፣ ጉንፋን፣ አልኮል፣ ጠመንጃ። ከፔሩ የመጡ ባሪያ ፈንጋይ መርከቦች የደሴት ሰዎችን እያፈሱ በወሰዱበት ወቅት፣ በ1863፣ ከዚያው አገር በተመለሰ መርከብ ፈንጣጣ ገባና ከ1,000 በላይ ማርኬሳሳዊ ጨረሰ። የሰዎቹ አካል እነዚህን በሽታዎች ጨርሶ አያውቃቸውም። ፈረንሳይ ደሴቶቹን በ1842 ስትይዝ ሕዝቡ ወደ 20,000 ይገመት ነበር፤ በ1920ዎቹ የቀረው ወደ 2,000 ገደማ ነው። ከአሥር አንድ ማለት ነው። ክፍል ውስጥ ቅኝ ግዛትን ስናስተምር ጦርነትና ስምምነት እናስጽፋለን፤ ሳሉን አናስጽፍም።

ጃክ ይህን አይቶ አዝኗል፣ በሽታን የመቋቋም ነገርም ገብቶታል። የኔ ቅሬታ እንደ ተፈጥሮ ሕግ ማየቱ ላይ ነው፤ ጠንካራው ተረፈ፣ ደካማው አለቀ ዓይነት። ስለ ሌሎች ዘሮች በጻፈው ብዙ ቦታ ላይ ዛሬ ስናነበው የሚያሳፍር ነገር አለ። ታላቅ ደራሲ ስለሆነ ብዬ አልሸፍንለትም።

ታሂቲን፣ ቦራ ቦራን፣ ሳሞአንና ፊጂን በአጭሩ ልለፋቸው፤ ድግስ፣ አቀባበል፣ ስጦታ ነው። በ1908 አጋማሽ ሰለሞን ደሴቶች ገቡ። እዚያ ደግሞ የሰው ንግድ አለ፤ በወረቀት "የጉልበት ሠራተኛ ምልመላ" ይባላል። ወጣቶችን ከየመንደሩ እየሰበሰቡ ለዓመታት ወደ እርሻ ይወስዳሉ። ስንቱ በፈቃዱ፣ ስንቱ ተታሎ እንደሄደ ለየብቻ መናገር ይከብዳል። ባልና ሚስቱ ሚኖታ በምትባል መልማይ መርከብ ተሳፍረው ማላይታ ደሴትን ሊያዩ ሄዱ። የጓዳዋ በር ላይ የመጥረቢያ ምልክት ነበረበት፤ ከወራት በፊት የቀድሞ ካፒቴኗ እዚያው ደሴት ላይ ተገድሏል። ሚኖታ ኮራል ድንጋይ ላይ ወጣችና ተቀረቀረች። ወዲያው የመንደሩ ታንኳዎች ከበቧት። አንድ ሚስዮናዊና ሌላ መርከብ ደርሰው ነው ያዳኗቸው። ልጆቹ ተወስደው ያልተመለሱለት መንደር መርከቧን ሲያይ ምን ሊሰማው ይችል ነበር? ጃክ የጻፈው ከመርከቧ ላይ ሆኖ ያየውን ነው፤ ከታንኳው ላይ የሚታየውን የጻፈልን የለም።

ከዚያ በሽታው የእነሱ ተራ ሆነ። ጀልባዋ ላይ ወባ ያልያዘው ሰው አልነበረም። ትንኝ የነከሳት ቦታ ሁሉ እየቆሰለ አልድን አለ። ጃክ ሐኪም አክሎ ራሱን ሾመና ቁስሉን በሜርኩሪ ውሁድ ያጥብ ነበር፤ ኩላሊቱን የጎዳው ይህ ነው የሚሉ የሕይወት ታሪኩ ጸሐፊዎች አሉ። ፊስቱላም ወጣበት (እኛ በወሊድ የምናውቀው ዓይነት አይደለም፣ ፊንጢጣ አካባቢ የሚወጣው)። እጆቹ አብጠው ቆዳቸው እየተደራረበ ይላጥ ጀመር፤ ብዕር መያዝ የማይችል ደራሲ አስቡት። በኅዳር 1908 በሌላ መርከብ ሲድኒ ሄዶ ቀዶ ጥገና ተደረገለት፣ አምስት ሳምንት ሆስፒታል ተኛ። የእጁን ነገር ግን የሲድኒ ሐኪሞችም ምን እንደሆነ አላወቁትም። ጉዞው አበቃ፤ ስናርክም ተሸጠች።

የጃክ መጽሐፍ በ1911 ወጣ፣ ሁሉም እሱን ያውቃል። የቻርሚያን ግን በ1915 የታተመ የራሷ የዕለት ማስታወሻ አላት፤ ከባሏ መጽሐፍ ይልቅ ቀን በቀን የሆነው የሚገኘው እሷ ጋ ነው። መሪውን ይዛ ተራዋን ስታድር፣ በማግስቱ ደግሞ የሱን ገጾች በታይፕ ስትመታ፣ በወባ ስትንቀጠቀጥ፣ ሁሉም እዚያ አለ። በ1912 እንደገና አብረው በሸራ መርከብ የደቡብ አሜሪካን ጫፍ ዞሩ። ጃክ በ1916 በ40 ዓመቱ ሞተ። እሷ እስከ 1955 ኖረች።

ምግብ የማይችለው ምግብ አብሳይስ? ማርቲን ጆንሰን ከሚስቱ ከኦሳ ጋር ፊልም ቀራጭ ሆነ። ሰለሞን ደሴቶች ተመልሶ ቀረጸ፣ ቀጥሎም በ1920ዎቹ ሰሜን ኬንያ፣ ማርሳቢት ተራራ ላይ ካምፕ ሠርተው ለዓመታት ዝሆን ሲቀርጹ ኖሩ። በሞያሌ አድርጎ ናይሮቢ የወረደ ሰው በዚያ አልፏል።

የማርኬሳስ ሕዝብ ዛሬ ከ9,000 በላይ ሆኗል። ከፓናማ ተነስተው ፓሲፊክን የሚያቋርጡ ባልና ሚስቶች ከሳምንታት ባሕር በኋላ ብዙዎቹ መጀመሪያ መልሕቅ የሚጥሉት እነዚሁ ደሴቶች ጋ ነው፤ ታዮሃኤም ከመግቢያዎቹ አንዱ ነው። ታይፒ ሸለቆም መንደር አለ፣ የድንጋይ መሠረቶቹም በዛፎቹ መሐል እስካሁን ይታያሉ።