ከዘመቻ ወደ ዕድር፦ የግዴታ አገልግሎት የዕድሜ ልክ በጎ ፈቃደኛ ያፈራልን?



ዛሬ የማቀርበው ጥያቄ ለብዙ ጊዜ ሲከነክነኝ የኖረ ነው። ባደግሁበት ሰፈር የዕድሩን መዝገብ ከሠላሳ ዓመት በላይ የያዙ አንድ አዛውንት ነበሩ። ወርሃዊ መዋጮ ይሰበስባሉ፤ ሰው ሲሞት ድንኳን ያስተክላሉ፤ የለቀስተኛውን መቀመጫ ሳይቀር ያስባሉ። ደመወዝ አልነበራቸውም። ይህን ከየት እንደ ተማሩት በጠየቅኋቸው ጊዜ መልሳቸው አጭር ነበር፦ «ከዘመቻ ነዋ!» መልሱ አስደነቀኝም፣ አጠራጠረኝም። ዘመቻው በመንግሥት ትእዛዝ የተካሄደ ነው፤ ታዲያ ግዴታ እንዴት በጎ ፈቃድን ይወልዳል?

ነገሩን ለመረዳት ከአብዮቱ በፊት መነሣት ይገባል። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1964 «የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት» የተባለውን ፕሮግራም አቋቋመ። ተማሪው ዲግሪውን ከመቀበሉ በፊት አንድ የትምህርት ዓመት ከአዲስ አበባ ውጭ ወጥቶ ማገልገል ነበረበት፤ አብዛኛውም የተመደበው በመምህርነት ነው። በየካቲት 1957 ዓ.ም. «መሬት ለአራሹ» ብሎ አደባባይ የወጣውን ተማሪ ይህ አገልግሎት ፈጠረው ለማለት አልደፍርም፤ ፕሮግራሙ ያን ጊዜ ዓመት እንኳ አልሞላውም። ነገር ግን በስም ብቻ የሚያውቀውን ገበሬ በአካል ያገኘ ትውልድ በየዓመቱ ወደ ግቢው ይመለስ ጀመር። ይሁን እንጂ መምህሩ ለአንድ ዓመት የመጣ እንግዳ ነበር፤ ከክፍሉ ውጭ ያለውን የአካባቢ አመራር የመካፈል ዕድሉ ጠባብ ነበር።

የእድገት በኅብረት የእውቀትና የሥራ ዘመቻ ግን ከዚህ የተለየ ነው። ታኅሣሥ 12 ቀን 1967 ዓ.ም. በይፋ ሲጀመር፣ ወደ 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን በየገጠሩ እንዲሰማሩ ታቅዶ ነበር። መጀመሪያ የተሰጣቸው ተግባር ፊደል ማስቆጠርና ስለ ጤና አጠባበቅ ማስተማርን የመሰለ ነበር። የካቲት 25 ቀን የገጠር መሬት አዋጅ ሲታወጅ ግን ሥራቸው ተለወጠ፤ ገበሬውን በማኅበር የማደራጀት ኃላፊነት በትከሻቸው ላይ ወደቀ። ስብሰባ መጥራት፣ ሊቀ መንበር ማስመረጥ፣ ቃለ ጉባኤ መያዝና የመሬት ክርክር ማድመጥ የሃያ ዓመት ወጣት የዕለት ሥራ ሆነ።

እኒያ አዛውንት የነገሩኝን እዚህ ላይ ላስታውስ። የጠሩት የመጀመሪያ ስብሰባ በጠብ ተበተነ፤ ከሽማግሌዎቹ ቀድመው ንግግር በማድረጋቸው ነበር። በሁለተኛው ዝም አሉ። ሽማግሌዎቹ ተናገሩ፣ ተከራከሩ፣ ተስማሙ፤ የእርሳቸው ድርሻ የተባለውን ጽፎ፣ ጣት ከመታተሙ በፊት ጮክ ብሎ ማንበብ ሆነ። ይህን ዘዴ ማንም የዘመቻ መመሪያ አላስተማራቸውም። ያስተማራቸው በደቦ፣ በወንፈልና በማኅበር አብሮ መሥራትን አስቀድሞ የሚያውቀው ገበሬ ነው። ስለዚህ ለጥያቄዬ የመጀመሪያው መልስ ይህ ይመስለኛል፦ ግዴታው ወጣቱን ከቦታው አደረሰው፤ መሪነትን ያስተማረው ግን የተላከለት ሕዝብ ነው።

ሆኖም ይህን ታሪክ አሳምረን ብቻ እንዳንነግረው እሰጋለሁ። ዘማቾች ከባለመሬቶችና ከፖሊስ ጋር ተጋጭተዋል፤ የሞቱም አሉ። ከደርግ ጋር ባለመስማማት ዘመቻውን ጥለው የሄዱት ብዙዎች ናቸው። ጥቂት ቆይቶም ቀይ ሽብር ከዚሁ ትውልድ ብዙውን ቀጠፈ። ዛሬ «ዘመቻ ሠራኝ» የሚሉንን ስናዳምጥ የምናዳምጠው የተረፉትን መሆኑን መዘንጋት የለብንም። ያልተረፉት ምን ዓይነት ጎረቤት ይሆኑ እንደ ነበር የሚነግረን መዝገብ የለም።

ከተረፉት መካከልስ አንዳንዱ ለምን ዕድሜ ልኩን አገለገለ? ግምቴን የማስቀምጠው በተመለሰበት ቦታ ላይ ነው። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. በታወጀው አዋጅ የተቋቋመው ቀበሌ የሥልጣን መድረክ ሆነ፤ የተማረውን በዚያ ሊሠራበት የፈራ ሰው ጥቂት አልነበረም። ዕድር ግን ሀብታምና ድኻን በአንድ መዋጮ የሚያሰባስብ፣ ከፖለቲካው ራቅ ብሎ የቆየ ተቋም ነበር። በገጠር የተለመደው ቃለ ጉባኤ በከተማ የዕድር መዝገብ ሆነ። ሥልጠናው ያለ ተቋም ቢቀር ኖሮ ትዝታ ብቻ ይሆን ነበር እላለሁ።

ይህ ያለፈ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ዛሬም ወጣቶችን አሠልጥኖ ከትውልድ አካባቢያቸው ርቀው እንዲያገለግሉ የሚልክ ብሔራዊ የበጎ ፈቃድ ፕሮግራም አለ። የዚህን መሰል ሥራ ስኬት በሠልጣኙ ቁጥርና በምረቃው ድምቀት መለካት ይቀናናል። ታሪካችን የሚጠቁመው ግን ሌሎች ሁለት መለኪያዎችን ነው፦ ወጣቱን የሚቀበለው ማኅበረሰብ ሊያስተምረው ሥልጣን አለውን? ሲመለስስ የሚያገለግልበት ቦታ ይጠብቀዋልን?

በመጨረሻ ለተማሪዎቼ አንድ አደራ አለኝ። በ1967 የአሥራ ስምንት ዓመት ወጣት የነበረው ዘማች ዛሬ ሰባኛ ዓመቱን ይዟል። እኔ የሰፈሬን አዛውንት የጠየቅኋቸው ዘግይቼ ነበር፤ ያስቀረሁት የሁለት ከሰዓት ጨዋታ ብቻ ነው። የሰፈራችሁን የዕድር ጸሐፊ ጠይቁ፤ መዝገቡንም በፈቃዱ ተመልከቱ። እኒህ ሰዎች ካለፉ በኋላ የምናገኘው አዋጁንና መመሪያውን ብቻ ይሆናል፤ በጎ ፈቃድ እንዴት እንደ ተወለደ ደግሞ በሁለቱም ውስጥ አልተጻፈም።