ክረምት የማይጋርደው ዓይን

እኛ ጉለሌዎች ሐምሌ ላይ እንጦጦ መኖሩን የምናውቀው በትዝታ ነው። ከሽሮ ሜዳ ሽቅብ ብታዩ ጉም ብቻ። እዚያ ጉም ውስጥ ግን የሀገራችን የሕዋ ምልከታ ማዕከል አለ። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የመጀመሪያ ሳተላይቷን ከቻይና ስታመጥቅ፣ ሰው ተሰብስቦ በቀጥታ የተከታተለው ከእንጦጦ ነበር። 70 ኪሎ ግራም ገደማ የምትመዝነው ኢቲአርኤስኤስ-1 እርሻችንን፣ ደናችንንና ውሃችንን ከላይ እንድታይልን ተላከች። ኩራቱ ሲያንሰን ነው። እኔን የሚከነክነኝ ግን ዓይኗ እንደኛው ዓይን ብርሃን ይፈልግ የነበረ መሆኑ ነው። ደመና ከጋረዳት አታይም ነበር።

ታዲያ ምን ችግር አለው ትሉ ይሆናል። ጣናን ውሰዱ። እምቦጭ ሐይቁ ላይ መታየቱ የታወቀው በ2004 ዓ.ም. ገደማ ነው። ክረምት ላይ ጎርፉ ከእርሻው አፈርና ማዳበሪያ ጠርጎ ያስገባለታል፤ አረሙም በዚያ ይፋፋል። ሰማዩ ጠርቶ ፎቶ ማንሳት ሲቻል ዳርቻውን ሸፍኖ ይገኛል። በ2013 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ የዘመቻ ጥሪ ሲተላለፍ፣ ገበሬው ውሃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ይነቅል የነበረው እንዲህ የገነነውን አረም ነው።

ሐይቃቸው በሚፈልጉት ወቅት የሚሰወርባቸው ሌሎችም አሉ። በሰሜን ዋልታ አካባቢ ሐይቆች ሲቀዘቅዙ ፀሐይ ለሳምንታት አትወጣም። የበረዶው ነገር ደግሞ ለነዋሪው የኑሮ ጉዳይ ነው፤ እስከ ወለሉ በቀዘቀዘ ሐይቅ ውስጥ ዓሣ አይከርምም፣ የሚቀዳ ውሃም አይገኝም። መፍትሔው ራዳር ሆነ። በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አላስካ ውስጥ ከአውሮፕላን ተሞከረ፤ በ1991 ደግሞ የአውሮፓው ኢአርኤስ-1 ሳተላይት ሥራውን ወደ ሕዋ ወሰደው። ራዳር የራሱን ሞገድ ልኮ የሚመለሰውን ስለሚያዳምጥ ጨለማ አያግደውም። ከበረዶው ሥር ውሃ ካለ ሞገዱ ጠንክሮ ይመለሳል፣ ምስሉም ይነጣል። በረዶው ወለሉ ድረስ ከወረደ ግን ሞገዱ አፈር ውስጥ ይቀራል፣ ምስሉ ይጠቁራል።

ይሄው ብልሃት ለጣናም ይሠራል። በ2014 እ.ኤ.አ. የመጠቀችው ሴንቲኔል-1 የምትልከው ሞገድ 5.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ርዝመት ስላለው በደመና ውስጥ ሰተት ብሎ ያልፋል። የተኛ ውሃ ሞገዱን እንደ መስታወት ወደ ሌላ አቅጣጫ ስለሚያንሸራትተው ጥቁር ሆኖ ይታያል፤ የእምቦጭ ቅጠል ግን በትኖ ይመልሰዋል፣ ብሩህ ይሆናል። እርግጥ ነፋስ ያናወጠው ውሃም ሊያሳስት ይችላል፣ ደንገልም እምቦጭ ሊመስል ይችላል። ስለዚህ ቦታውን የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል።

የሴንቲኔል-1 ምስል ደግሞ በነጻ ነው የሚሰጠው፤ ኮምፒውተርና ኢንተርኔት ያለው ማንም ያወርደዋል። ለዚህ ነው የሳተላይት ታሪካችንን በመጠቀችበት ቀን ብቻ መቁጠር የማይበቃኝ። የራሳችን ዓይን መኖሩ ትልቅ ነገር ነው። የደምቢያ ገበሬ የሚጠቀመው ግን አረሙ ገና ብጥስጣሽ ሳለ፣ ሐምሌ ላይ፣ «በዚህ በኩል እየመጣ ነው» የሚለው ሰው ሲያገኝ ነው። ምስሉ አለ፤ አንባቢ ነው የሚጠብቀው።